በሆዴ ውስጥ ማንም አልነበረም

የበደለችኝ ከዲጃ ናት፤ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ እህት። የበደለችኝም ወንድሟ በተቀበረ በሳምንቱ፣ ሴቶች ለሟቹ ለሚደገሰው ሰደቃ በተሰበሰቡበት፣ መርሳ በሚገኘው በገዛ ቤቴ ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ ታላቄ ስለሆነች አንቱ እላታለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ «እሷ» ትበቃታለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዱዓው አልቆ ሰው ሲነሳ እኔም ከምንጣፉ ልነሳ ሞከርኩ። በዚያን ጊዜ ከመሬት መነሳት ለእኔ ትልቅ ሥራ ነበር። እጄን ከኋላዬ ተክዬ፣ ትንፋሼን አፍኜ ራሴን ስገፋ፣ የሆዴ መሐል ከደረቴ ሥር እስከ እምብርቴ ድረስ እንደ ሙልሙል ዳቦ ጉብ ብሎ ወጣ። የለበስኩት ስስ ቀሚስ ነበር። ከዲጃ አየችው። እጇን ዘርግታ ጎትታ አስነሳችኝና እጄን ሳትለቅ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ!» አለች። «ወንድሜ እንዲሁ አልሄደም። ዘሀራ ፀንሳለች።»

«ኧረ አልፀነስኩም፣ እትዬ ከዲጃ» አልኩ።

«አፍራ ነው» አለቻቸው። «በአርባ ሰባት ዓመቷ እንዴት አታፍር?»

ሴቶቹ ለቅሶ ቤት የሚፈቅደውን ያህል ፈገግ አሉ። አንዷ ግንባሬን ሳመችኝ። ባሌን ከቀበርኩ ሳምንቴ ነበርና ለክርክር አቅም አልነበረኝም።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ዒዳ ትቀመጣለች፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ሳታጌጥ፣ ያለ ቁም ነገር ከቤቷ ሳትርቅ ትቆያለች። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ዒዳዋ የሚያበቃው ስትወልድ ነው። ስለዚህ የከዲጃ ቃል ተራ ወሬ አልነበረም። በር የሚዘጋ ቃል ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርኩ። ፅንስ የለም ተባልኩ። ይህንን ለከዲጃ ስነግራት አልተደናገጠችም። «መሣሪያው ምን ያውቃል? ልጁ በአባቱ ሞት ደንግጦ ተኝቷል። ሲነቃ ይወለዳል» አለች። እኛ አገር የተኛ ፅንስ አለ ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ። ከዲጃ ከእነሱ አንዷ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሌሎቹ ግን አመኗት። አራት ወር ከአሥር ቀኔን ጨርሼ ልወጣ ስል ሽማግሌ ላከችብኝ። «የወንድማችንን ልጅ በሆድሽ ይዘሽ ወዴት ነው?» ተባልኩ። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። በቀን ለሥራ መውጣት ይፈቀድልሻል ያሉኝ ሰዎችም ነበሩ። ከዲጃ ግን ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ለርዕሰ መምህሩ እርጉዝ ናት ብላ ነገረችው። ክፍሌን ለሌላ ሰጡት። የዓመቱ ትምህርት አልቆ ልጆቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ እኔ ቤት ነበርኩ።

ማንም አልተወለደም። ሊወለድም አይችልም ነበር፤ በአዲሱ ዓመት ወደ ማስተማር ተመለስኩ። ያን ጊዜ ወሬው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «አሁንም ተኝቷል» አለ። ገሚሱ «አጥፍታዋለች» አለ። ይህን ሁለተኛውን ማን እንደጀመረው ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ አያስፈልገኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ በመርሳ ገበያ ሳልፍ የሰው ዓይን ፊቴ ላይ ሳያርፍ ወደ ሆዴ ይወርዳል። ሆዴ እስካለ ድረስ ወሬው እንዳለ ገባኝ። በሽታዬን የተከታተልኩት ለጤናዬ ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ፤ ይህን የምጽፈው በየቤቱ ተደብቀው ላሉ ሴቶች ስለሆነ።

ሆዴ እንዲህ የሆነው ባሌ ከመሞቱ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ መንታ ወለድኩ፤ ሐያትንና ሁሴንን። ሆዴ በጣም ትልቅ ስለነበር የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ከአልጋ የወረድኩት በሰው ድጋፍ ነው። ከወለድኩ በኋላም አልገባም። ስቆም የስድስት ወር እርጉዝ እመስላለሁ። ከአልጋ ስነሳ መሐሉ ይወጣል። ወገቤ ሌት ተቀን ያመኛል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከፍ አድርጌ ስጽፍ ሆዴ ወደ ፊት ይጎትተኛል። አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ «ቲቸር፣ ልጁ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላኝ ታውቃለች። ሳስልና ሳስነጥስ ደግሞ ሽንት ያመልጠኝ ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ሽንት ሲያመልጥ ዉዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ፣ ይፈርሳል፤ ዉዱእ ከፈረሰ ሶላት የለም። ለዓመታት በየሶላቱ ስታጠብ ስለምን እንደሆነ ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። ቀጥሎ የሆድ ትል ተባልኩ። አንድ ሐኪም ቀና ብሎ ሳያየኝ «ውፍረት ነው፤ ምግብ ይቀንሱ» አለኝ። ቀነስኩ። ፊቴ ከሳ፣ ሆዴ እንደነበረ ቀረ፤ ሰዎችም ፊቷን ያከሳው እርግዝናው ነው አሉ። ከዚያ ከዲጃ ራሷ ግራና ከተማ አጠገብ ካለ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ወጌሻው በቅቤ አሸኝ። እሽታው ያስለቅሳል። ሲጨርስም «ሆድሽ ልቅ ሆኗል፤ አጥብቀሽ እሰሪው» ብሎ ሰፊ መቀነት ደራርቤ እንድታጠቅ አዘዘኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዓመታት ያለ መቀነት ውዬ አላውቅም። ሲታሰር ይሻለኝ ስለነበር አመንኩት። በመጨረሻ አንድ ሌላ ሐኪም ሄርኒያ፣ ማለትም አንጀት በጡንቻ ቀዳዳ የሚወጣበት በሽታ፣ ሳይሆን አይቀርም፤ ደሴ ሄደሽ ቀዶ ጥገና ማድረግ ያስፈልግሻል አለኝ። ለዚያ ብዬ በሬ ሸጥኩ። ትልቁ ልጄ «እማዬ፣ ለሚጠረጠር ነገር ነው እንዴ በሬ የሚሸጠው?» ብሎ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ደሴ ስደርስ ሄርኒያ የለም ተብዬ ተመለስኩ። ምን እንዳለ ግን አልነገሩኝም።

በመሐል ጦርነቱ መጣ። ያን ጊዜ የሰው ሆድ የሚቆጥር ሰው አልነበረም፤ ከዲጃ እንኳ ረስታኝ ነበር። ሰላም ሲሆን አስታወሰች።

ያስታወሰችበት መንገድ እጇ ነው። በየሰደቃው፣ በየሠርጉ፣ ሴቶች አብረው ሲሰግዱ ለእኔ ወንበር ታመጣለች። «ዘሀራ መሬት አትችልም» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። እኔም እውነት ስለሆነ እቀመጣለሁ። ከመሬት ተቀምጬ ከተገኘሁ ደግሞ ከክፍሉ ማዶ ተነስታ መጥታ እጇን ትዘረጋለች፤ ስትስበኝም ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ «ቀስ! ቀስ በይ እህቴ፣ ያንን ነገር እንዳትቀሰቅሺው!» ትላለች። ሴቶቹ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ያለዚያ እጅ መነሳት አልችልም ነበር። ያቃጥለኝ የነበረው ይህ ነው።

ወልድያ ሆስፒታል የሄድኩት ለወገቤ ነው። ገና ሲሪንቃን ሳናልፍ ሚኒባሱ በየጉድጓዱ መዝለል ጀመረ፤ ወልድያ ወገቤን ይዤ ተጣጥፌ ደረስኩ። ከካርድ ክፍሉ ፊት ያለው አግዳሚ መደገፊያ የለውም። ግማሽ ቀን ጠበቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ከጉባ ላፍቶ የመጣች እግሯን የምትታከም አሮጊት፣ ምንም ሳትጠይቀኝ ጋቢዋን አጣጥፋ በእኔና በግድግዳው መካከል አስገባችልኝ። ስሟን አላውቅም። ተራዋ ደርሶ ስትገባም ጋቢዋን አልወሰደችም። ወጥታ እስክትመጣ ተደግፌው ቆየሁ።

ሐኪሙ ወገቤን አይቶ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። ፊዚዮቴራፒ ማለት በመድኃኒት ሳይሆን በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ባለሙያዋ ብርቱካን ትባላለች፤ የወልድያ ልጅ ናት።

«እማማ፣ ስንት ወለዱ?» አለችኝ።

«አራት። የመጨረሻዎቹ መንታ ናቸው።»

«ከመንታዎቹ በኋላ ሆድዎን ያየው ሰው አለ?»

«ያላየው የለም» አልኳት።

ሳቀች። ተናድጄ ነበር የተናገርኩት፤ እሷ ስትስቅ ግን እኔም ሳቅሁ። በጀርባዬ አስተኛችኝ፣ ጉልበቴን አሳጠፈችኝ። «አሁን ጭንቅላትዎን ብቻ ቀና ያድርጉ» አለችና የራሴን እጅ ይዛ ጣቶቼን ከእምብርቴ በላይ መሐሉ ላይ አኖረች። ጣቶቼ ሰመጡ። ግራና ቀኝ ጠንካራ ጠርዝ አለ፤ በመካከሉ ምንም የለም፣ ለስላሳ ብቻ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት፤ እጄን ልነጥቅ ቃጣሁ።

«ክፍተት ነው። ሆዳችን ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ጡንቻዎች አሉ። በእርግዝና ጊዜ ይለያያሉ። ለብዙ ሴቶች ተመልሰው ይገናኛሉ። ለእርስዎ መንታዎቹ ከብደው ሳይገናኙ ቀርተዋል። ሲነሱ የውስጡ ነገር በዚህ በኩል ይገፋል፤ ጉብ የሚለው ለዚህ ነው።»

«እርግዝና ይመስላል?»

«በጣም ይመስላል። መንገድ ላይ ስንት ወርሽ ነው እየተባሉ አልቅሰው የሚመጡ አሉ።»

«ድገሚልኝ» አልኳት።

ደገመችልኝ። የተሰማኝ እፎይታ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። ንዴት ነው። ጣት አስገብቶ ለማወቅ የሚበቃ ነገር ነበር። ስንት ሐኪም ቤት ስዞር፣ በሬዬን ስሸጥ፣ ክፍሌን ስነጠቅ፣ ጭንቅላትሽን ቀና አድርጊ ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ መቀነቴን አየች። «ይህን ማን አዘዘዎት?» አለች። ነገርኳት። «ከወለዱ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ላላ ብሎ ቢታሰር ክፋት የለውም። እንዲህ ሲያንቁት ግን ከላይ የተጨመቀው ወደ ታች ይገፋል። ጡንቻውም ሥራ ይፈታል።» ቀጥላም «ሲያስሉ ሽንት ያመልጥዎታል?» አለችኝ። ቀሚሴን አስተካከልኩ። እሷም መልስ እስክሰጥ አልጠበቀችም፤ «እሱም አብሮ ይድናል» ብላ አለፈች። ስላላስጨነቀችኝ አልረሳላትም።

«ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ይዘጋል?» አልኳት።

«አልዋሽዎትም፤ ፈጽሞ ላይዘጋ ይችላል። ግን ይጠብባል፣ መሐሉም ይጠነክራል። ያለ ሰው እጅ ይነሳሉ።»

ስለ ከዲጃ እጅ አንድም ነገር አልነገርኳትም ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት መተንፈስ ነው። እውነቴን ነው። አየር ሳስገባ ጎኔ እንዲሰፋ፣ ሳስወጣ ደግሞ ሽንት እንደምትከለክል ሴት ታቹን ቀስ ብዬ እንድይዝ፣ የእምብርቴንም ሥር ወደ ጀርባዬ እንድሰበስብ። «ከመርሳ የመጣሁት መተንፈስ ልማር ነው?» አልኳት። «አዎ» አለች፣ ሳትስቅ። ሁለተኛው ትምህርት አነሳስ ነው፤ ከአልጋ ቀጥ ብሎ መነሳት ክልክል፣ መጀመሪያ በጎን ዞሮ በእጅ መግፋት።

ሦስተኛውን እኔ ጠየቅኋት። «ከሱጁድ እንዴት ልነሳ?» አልኩ። ሱጁድ ግንባርን መሬት ማድረግ ነው። ብርቱካን ክርስቲያን ናት። «አሰጋገዳችሁን በደንብ አላውቀውም፤ ያሳዩኝ» አለችና ምንጣፍ ዘረጋች። አሳየኋት፤ ለመነሳት ግን አልጋውን ያዝኩ። «እኛም በሕማማት እንሰግዳለን፤ እኔ ስነሳ እንዲህ ነው» ብላ እሷም ወለሉ ላይ ወረደች። «አዩ፣ ወደ ላይ ስንነሳ ትንፋሽ እናፍናለን፤ እሱ ነው ሆዱን የሚገፋው። ሲነሱ ያውጡት።» ጎን ለጎን ሆነን አንድ ላይ ወርደን አንድ ላይ ስንነሳ አንዲት ነርስ በሩን ከፈተች። ሁለታችንንም አየች። መልሳ ዘጋችው።

ቤት ውስጥ መለማመድ ከባድ የሆነው በሥራው ብዛት አልነበረም፤ በሰው ብዛት ነው። መርሳ ውስጥ በር ዘግቶ ወለል ላይ የሚተኛ ትልቅ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ሐያት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አንድ ቀን ሐያት ገበያ ሄዳ ሳለ ከዲጃ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች። በጀርባዬ ተኝቼ ሁለት እግሬን ወደ ላይ አጥፌ፣ አንዱን ቀስ እያደረግሁ ሳወርድ ደረሰች።

«ያ አላህ! ዘሀራ! ማን ጣለሽ?»

«ማንም አልጣለኝም። ሕክምና ነው።»

«ሕክምና? በዚህ ዕድሜሽ እንደ ጥንዚዛ ተገልብጠሽ? አፍሽ ደግሞ ምን እያለ ነው የሚነፋው?»

«እየተነፈስኩ ነው።»

«እኛ ሳንማር እንተነፍስ የለም እንዴ! ወላሂ፣ ያ የተኛው ነገር ራስሽ ላይ ወጥቷል።» እጇን ዘረጋች። «ነይ ተነሽ፣ ሰው ሳያይሽ።»

«ይተዉኝ፣ እትዬ ከዲጃ። አልጨረስኩም።»

ወጣች። ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ዘሀራ ወለል ላይ እየተንፈራገጠች ነው ብሎ ሰማ። ሁለት ጎረቤቶቼ ሊጠይቁኝ ሙዝ ይዘው መጡ። ሙዙን በላሁ።

ለውጡ የጀመረው ባልጠበቅሁት በኩል ነው። አንድ ጠዋት የሰሌዳው ብናኝ አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ፤ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ደነገጥኩ። ምንም አልሆነም። ደረቅ ነበርኩ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላልነበረ ሰሌዳው ላይ የነበረውን የማባዛት ጥያቄ አጥፍቼ ቀለል ያለ ጻፍኩላቸው።

ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ውሃ ጠፍቶ በነበረበት ሳምንት ሙሉ ጄሪካን ከባጃጅ አውርጄ እስከ ማድቤት ተሸከምኩ። ማታውን ወገቤ እንደ ድሮው ሆነ፤ ጠዋት ስነሳ ሙልሙሉ ወጥቶ አገኘሁት። ያን ቀን አለቀስኩ። ከዲጃ ትክክል ናት፣ እስክሞት እንዲህ ነኝ ብዬ ነበር። ወልድያ ሄጄ ለብርቱካን ስነግራት አልደነገጠችም። «ጡንቻው ደክሞት ነው እንጂ አልተበጠሰም። ከትንፋሹ እንደገና እንጀምር» አለች። የዚያን ቀን ዕቃ እንዴት እንደሚነሳ አስተማረችኝ፦ ወደ ሰውነት አስጠግቶ፣ ከጉልበት ሸብረክ ብሎ፣ ትንፋሽ እያወጡ። በኋላም «አሁን ከእኔ አልጋ ወርደው ከሰው ጋር መሥራት አለብዎት» ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደምታሠራው የሴቶች ፒላተስ አስገባችኝ።

ፒላተስ ምንጣፍ ላይ ቀስ ተብሎ የሚሠራ ስፖርት ነው። መዝለል የለበትም፤ መሐሉን፣ ማለትም ሆድን፣ ጀርባንና ዳሌን አጽንቶ እጅና እግርን ማንቀሳቀስ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሲሠሩት ያንቀጠቅጣል። ክፍሉ ወልድያ ውስጥ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት በላይ ነው፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ከሥር ይሰማል። ሐያት የገዛችልኝን ሰፊ ሱሪ ለብሼ ስገባ የባንክ ሠራተኞች፣ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴና በቅርቡ የወለዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በዕድሜ የሚቀርበኝ አልነበረም።

«እማማ፣ ተሳስተው ነው ወይስ ልጅ ሊወስዱ?» አለችኝ ነጋዴዋ።

«አንቺን ላሸንፍ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ድልድይ በሚሉት፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት፣ አሸነፍኳት። በአራት እግር ቆሞ የግራ እጅና የቀኝ እግር መዘርጋት ላይ ግን እሷ አሸነፈችኝ፤ ለጊዜው። ክረምቱ ሲገባ መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ ቤቴ ሠራሁ። ክረምቱ ሲወጣ ተመለስኩ። ብርቱካን አስተኝታ ጭንቅላትዎን ቀና ያድርጉ ስትለኝ ጣቶቼ እንደ ድሮው አልሰመጡም። ጠርዞቹ ተቀራርበዋል፤ በመሐላቸው የነበረው ለስላሳ ነገር ሲነኩት እንደ ተወጠረ ቆዳ ይመልሳል። አልተዘጋም፤ ዛሬም አልተዘጋም። ግን ይሸከመኛል።

ከዲጃ ቤት የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። የልጇ ሚስት ዙልፋ ወንድ ልጅ ወልዳ ስም የሚወጣበት ቀን ነበር። መርሳ ያሉ የማውቃቸው ሴቶች ሁሉ ነበሩ፤ ያኔ በባሌ ሰደቃ ላይ የነበሩትም። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ደረሰ። ሴቶቹ ለሶላት ሲሰለፉ ከዲጃ ወንበር ይዛ መጣች።

«ዘሀራ፣ ይኸው ቦታሽ።»

«ይውሰዱት፤ አልፈልገውም» አልኳት።

«አጉል አትኩሪ። መሐል ላይ ብትወድቂ ሶላታችንን ታበላሺብናለሽ።»

ሶላት ተጀመረ። ቆምኩ። አጎነበስኩ። ግንባሬን መሬት አደረግሁ። ከሁለተኛው ሱጁድ ስነሳ ትንፋሼን አወጣሁ፣ መሐሌን ሰበሰብኩ፣ በእግሬ ቆምኩ። እንደዚያው አራቱንም ረከዓ፣ የሶላቱን ዙር ሁሉ፣ ጨረስኩ። ከአምላኬ ጋር ከሆንኩበት ሶላት ሐሳቤ ወደ ከዲጃ የሄደበት ጊዜ እንደነበር አልክድም።

ሶላቱ አልቆ ተቀምጠን ሳለ ከዲጃ ከልማዷ አልወጣችም። ከክፍሉ ማዶ መጥታ ከፊቴ ቆመችና እጇን ዘረጋች። «ነይ፣ ቀስ በይ፣ ያንን ነገር...»

እጇን ያዝኩት። ግን ለመነሳት አልነበረም። ወደ ታች ሳብኳት፤ ከፊቴ ተንበረከከች። «ወንድ የለም፤ በሩን ዝጉት» አልኩ። አብራኝ የመጣችው ሐያት ዘጋችው። በጀርባዬ ተኛሁ፣ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ የከዲጃን እጅ ቀሚሴ ላይ ከእምብርቴ በላይ አኖርኩትና ጭንቅላቴን ቀና አደረግሁ።

«ምን ይሰማዎታል?» አልኳት።

«ምን ልበልሽ...»

«ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ?»

«ጠንካራ ነው።»

«ጡንቻ ነው። መንታ ስወልድ የተለያየ ጡንቻ። ያኔ ያዩት ይህንኑ ነው። እዚህ ውስጥ የወንድምዎ ልጅ የት ጋ ነው የተኛው? ይፈልጉት እስኪ፣ ሴቶቹ እያዩ ይፈልጉት።»

ከዚያ አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ሴት መሳቅ ጀመረች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ በመጨረሻ አሥራ ምናምን ሴት ይስቅ ነበር፣ በእኔ ግን አልነበረም። ከዲጃ እጇን ነጠቀች። እኔ በጎኔ ዞርኩ፣ በእጄ ገፋሁ፣ ተነሳሁ። እሷ ገና ተንበርክካ ነበር። እጄን አልዘረጋሁላትም።

ሴቶቹ ከበቡኝ። አንዷ «እኔም እኮ ከሦስተኛዬ ወዲህ እንዲህ ነኝ» አለች፤ ሌላዋ ወደ ጓዳ ይዛኝ ገብታ ስለ ሽንቱ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ለሁሉም የነገርኳቸውን ለእናንተም እነግራችኋለሁ፦ ሆድ የሚያብጥበት ምክንያት ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ፤ ወልዳችሁ ሆዳችሁ ካልገባ፣ ስትነሱ መሐሉ ጉብ የሚል ከሆነ ግን ስለ ጡንቻው ጠይቁ፣ ፊዚዮቴራፒ የሚባል ነገር እንዳለ ጠይቁ። ዘግይቷል የሚላችሁን አትስሙ። እኔ የጀመርኩት በሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው።

ልሄድ ስነሳ ከዲጃ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አፉ በይኝ፣ ዘሀራ» አለች። ይቅር በይኝ ማለቷ ነው።

«የተናገሩት በሰው ፊት ነው፤ አፉ በይኝንም በሰው ፊት ይበሉት» አልኳት። ሴቶቹ ገና ውስጥ ነበሩ። ወደ ውስጥ አየች። አላለችውም።

ከጀርባዋ ዙልፋ ሕፃኑን ታቅፋ ከአልጋ ልትነሳ ስትታገል አየኋት። ደረቷ ሥር ድረስ በመቀነት ተጠፍራለች፤ ፊቷ ገርጥቷል። ማን እንዳሰራት አልጠየቅሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዲጃ ሐራ ገበያ በሄደችበት ቤቷ ሄድኩ። ዙልፋንና ሕፃኑን በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ ወሰድኳቸው፤ ብርቱካን አየቻት። ከዲጃን አላስፈቀድኩም። አፉም አላልኳትም።